ከዐውደ ርዕይ ጠረጴዛ ወደ ምሕንድስና ሙያ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በወጣቶች የሳይንስና የፈጠራ ውድድር ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የጸሐፊዎቹን ስም እንደ ጥያቄያቸው አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ልጄ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። ዘንድሮ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና የአፈርን እርጥበት እየለካ የመስኖ ፓምፕን በራሱ የሚያስነሳና የሚያጠፋ መሣሪያ ሠርታ በዞናችን በተካሄደው የሳይንስና የፈጠራ ዐውደ ርዕይ ሁለተኛ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ እጇ ከሽቦና ከብየዳ አይለይም። መምህራኖቿ ተሰጥኦ ስላላት ትቀጥል ይላሉ፤ ወንድሜ ግን ሠርተፊኬት እንጀራ አይሆንም፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ትዘጋጅ ባይ ነው። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ኤሌክትሮኒክስ አላውቅም። እንዲህ ያለው ውድድር በእርግጥ ወደ ሙያ ያደርሳል? የሚያደርስ ከሆነስ እንዴት ልርዳት?
አባት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ አስቀድመን ለልጅዎና ለጓደኞቿ እንኳን ደስ አላችሁ እንላለን። ዐውደ ርዕይ በራሱ ማንንም ወደ ሙያ አያደርስም፤ የሚያደርሰው ዐውደ ርዕዩ ከተዘጋ በኋላ በዚያው ሥራ ላይ የሚቀጥለው ልፋት ነው። ስለዚህ ልጅዎን ሊጠይቋት የሚገባው ዳኞቹ ጠይቀዋት መልስ ያጣችለት ጥያቄ የትኛው እንደነበር ነው። የሚቀጥለው ዓመት ሥራዋ እርሱ ነው።

ታላላቆቹ ውድድሮች ነጥብ የሚሰጡበት መንገድም ይህንኑ ያሳያል። አይሴፍ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሳይንስና የምሕንድስና ዐውደ ርዕይ እ.ኤ.አ. በ1950 በፊላደልፊያ በ30 ተማሪዎች የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በየዓመቱ ከ60 በላይ ከሚሆኑ አገሮች ከ1,500 የሚበልጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያሰባስባል። ዳኞች ከሚሰጡት 100 ነጥብ ውስጥ 10ሩ ለችግሩ አመራረጥ፣ 15ቱ ለዕቅዱና ለዘዴው፣ 20ው ለአፈጻጸሙ፣ ሌላው 20 ለፈጠራው፣ 10ሩ ደግሞ በሰሌዳ ላይ ለሚለጠፈው ማብራሪያ ነው፤ ቀሪው 25 ዳኛው ከተማሪው ጋር ፊት ለፊት ለሚያደርገው ቃለ ምልልስ የተመደበ ሲሆን ከሁሉም ትልቁ ድርሻ ይኸው ነው። መሣሪያውን ከኢንተርኔት አይቶ መገጣጠም ይቻላል፤ ለምን በዚህ መንገድ እንደተሠራና በየትኛው ሁኔታ እንደማይሠራ ማስረዳት የሚችለው ግን ደክሞ ያጠናው ተማሪ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ካለፉት ወጣቶች መካከል የኢስተን ላሻፔል ታሪክ ለልጅዎ ሁኔታ ይቀርባል ብለን እናስባለን። ላሻፔል ኮሎራዶ ውስጥ ማንኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ ያደገ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በ14 ዓመቱ ሌጎ በሚባሉ የመጫወቻ ጡቦች፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር፣ በኤሌክትሪክ ቱቦና በትንንሽ ሞተሮች የሚንቀሳቀስ የሮቦት እጅ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2011 በግዛቱ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ላይ የተሻሻለውን ሥራ አቅርቦ ሳለ ሰው ሠራሽ ክንድ የተገጠመላት የሰባት ዓመት ልጅ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። የልጅቷ ክንድ መክፈትና መዝጋት ብቻ የሚችል ሆኖ ዋጋው 80,000 ዶላር ነበር፤ በዚያ ላይ ልጅቷ እያደገች ስለሆነ ብዙም ሳይቆይ መለወጡ አይቀርም። ላሻፔል በዚያ ውድድር ያገኘው ሦስተኛ ደረጃ ነው። ይሁን እንጂ እጅ መሥራቱን እንደ መዝናኛ ትቶ በርካሽ የሚሠራ ክንድ ወደ መንደፍ የዞረው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዋይት ሐውስ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ላይ ክንዱ ከፕሬዚዳንት ኦባማ ጋር ተጨባበጠ፤ ወጣቱ በናሳ የሮቦት ፕሮጀክትም ተለማማጅ ሆኖ ሠራ፤ በ2014 ደግሞ ሰው ሠራሽ ክንድ የሚያመርት የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ወደ ሙያ የወሰደው ሽልማቱ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ የወሰደው መሣሪያው በእርግጥ የሚያስፈልጋትን ሰው ማግኘቱና የእርሷን ችግር የራሱ የሥራ መለኪያ ማድረጉ ነው።

እንግዲህ የልጅዎ መሣሪያ የሚያስፈልገው ሰው ማን ነው? እርስዎ የግብርና ባለሙያ በመሆንዎ ይህን ከማንም በተሻለ ያውቁታል። በአካባቢዎ በመስኖ ሽንኩርትና ድንች የሚያለማው ገበሬ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው ትንሽ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ፓምፕ ነው። እንዲህ ያለው ፓምፕ ደግሞ ገመድ ተስቦ ወይም በእጅ ተዘውሮ እንጂ እርጥበት ከሚለካው ሴንሰር በሚመጣ ምልክት አይነሳም። በምዕራብ ጎጃም የሚገኘውን የቆጋ ግድብ በመሰለው መስኖ ደግሞ ውኃው ያለ ፓምፕ በቦይ እየወረደ በተራ ስለሚከፋፈል፣ ገበሬው ውኃ የሚያገኝበትን ቀን ራሱ አይመርጥም። በሁለቱም ሁኔታ ፓምፕ የሚያስነሳው ክፍል ሥራ አይኖረውም፤ እርጥበትን የሚለካው ክፍል ግን ዋጋ አለው። ማሳው ውኃ ጠግቧል ወይም ተጠምቷል የሚል መብራት ብቻ ቢያበራ፣ ወይም አጭር የስልክ መልእክት ቢልክ፣ ገበሬው ተራው ሲደርስ ምን ያህል ማጠጣት እንዳለበት ሊወስንበት ይችላል። ልጅዎን ይዘዋት ሁለት ሦስት ማሳ ቢያሳይዋትና ገበሬዎቹን ራሷ እንድትጠይቅ ቢያደርጉ፣ ማንኛውም ሥልጠና የማይሰጣትን ትምህርት ታገኛለች።

ሁለተኛው ነገር ልኬቱ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መዘርዘር ግድ ይለናል። በተማሪዎች ሥራ ላይ በብዛት የምናየው የእርጥበት ሴንሰር ሁለት ጥርስ ያለው ርካሽ ዓይነት ሲሆን፣ በጥርሶቹ መካከል ባለው አፈር ውስጥ ኤሌክትሪክ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ ያነብባል። አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ደግሞ ያንን ንባብ ከ0 እስከ 1023 ወዳለ ቁጥር ይለውጠዋል። ይህ ቁጥር ግን በራሱ የእርጥበት መጠን አይደለም። በአፈሩ ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዳበሪያ ቁጥሩን ይለውጠዋል፤ ሙቀትም እንዲሁ፤ ጥቁር ዋልካና ቀይ አፈር እኩል ውኃ ይዘው የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ከዚህም በላይ በጥርሶቹ ላይ ያለማቋረጥ አንድ አቅጣጫ ያለው ኤሌክትሪክ ከተላከ ብረቱ በኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚያስከትለው ኬሚካላዊ ለውጥ፣ እየተበላ ይሄዳል። ንባቡም ከቀን ወደ ቀን ስለሚዛባ በዐውደ ርዕዩ ዕለት በትክክል የሠራው መሣሪያ ማሳ ላይ ብዙም ሳይቆይ ያሳስታል። መፍትሔው ለመለካት በሚያስፈልግበት ቅጽበት ብቻ ኤሌክትሪክ መላክ፣ አለዚያም ብረቱ ከአፈሩ ጋር የማይነካካውን ካፓሲቲቭ የሚባለውን ሴንሰር መጠቀም ነው።

ቁጥሩን ወደ እውነተኛ የእርጥበት መጠን ለመለወጥ ደግሞ በእርስዎ ሙያ የታወቀው ዘዴ አለ። ሴንሰሩ ከተነበበበት ቦታ የአፈር ናሙና ይወሰዳል፣ ይመዘናል፣ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል፤ የጎደለው ክብደት ለደረቁ አፈር ክብደት ሲካፈል በአፈሩ ውስጥ የነበረው የውኃ መጠን ይታወቃል። ይህን ከደረቅ እስከ ጠገበ ባሉ የተለያዩ ናሙናዎች ላይ ደጋግማ ሠርታ የሴንሰሩን ቁጥር ከትክክለኛው መጠን ጋር በአንድ ሥዕላዊ መግለጫ ብታስቀምጥ ሥራዋ ከብዙዎቹ ተመሳሳይ ሥራዎች ተለይቶ ይታያል። ኤሌክትሮኒክስ አላውቅም ብለው እጅዎን አይሰብስቡ፤ ሚዛኑና ምድጃው በእርስዎ መሥሪያ ቤት ወይም በአቅራቢያዎ ባለ የአፈር ላቦራቶሪ ይገኛል፣ ዘዴውንም የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የምሕንድስና ሥራ ሁልጊዜም እንዲህ የሁለት ሙያ እጅ ይፈልጋል።

ሁለተኛ መውጣቷ ቅር አሰኝቷት ከሆነ ደግሞ ይህን ይንገሯት። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ የወጣት ሳይንቲስቶች ዐውደ ርዕይ አለ። ፓትሪክ ኮሊሰን የተባለ የገጠር ልጅ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሠራውን ሥራ አቅርቦ በግል ተወዳዳሪዎች ሁለተኛ ሆነ፤ በዓመቱ ክሮማ ብሎ የሰየመውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይዞ ተመልሶ በ16 ዓመቱ አንደኛ ወጣ። ይኸው ሰው በ2010 ከታናሽ ወንድሙ ከጆን ጋር ስትራይፕ የተባለውን የኢንተርኔት ክፍያ ኩባንያ መሠረተ። ስትራይፕ ከክሮማ የተወለደ ኩባንያ አይደለም። ሆኖም አንድን ውስብስብ ሥርዓት ከመሠረቱ ጀምሮ አስቦ እስከ መጨረሻው የማድረስ ልምዱ የተጀመረው ያኔ ነው።

ስለ ፈተናው ወንድምዎ የሚሉትን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ በማንም ቤተሰብ ላይ ሥጋት ቢያሳድር የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ምክራችን የማያሻማ ነው፤ የዘንድሮውን ክረምት ለመሣሪያው ትስጠው፤ 12ኛ ክፍል ስትገባ ግን ግንባታውን አቁማ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ንባብ መመዝገብን ብቻ ትቀጥል። መዝገቡ ብዙ ጊዜ አይወስድባትም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን የበጋና የክረምት ሙሉ መረጃ በእጇ ይኖራል። የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርቷም ከሥራዋ የራቀ አይደለም፤ ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰትና ፍሰቱን ስለሚገታው ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) የምታጠናው ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ያለ ነገር ነው።

የትምህርት ክፍል ምርጫ አሁን ሊያስጨንቃችሁ አይገባም። ተማሪዎች የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ዓመት በአብዛኛው በጋራ ኮርሶች ስለሚያሳልፉ ለመወሰን ጊዜ አላት፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ሲሰጡ ስለቆዩ ማስታወቂያቸውን በጊዜው መከታተል ያስፈልጋል። በቢሾፍቱ ፎቃ በተባለው ማዕከል የተጀመረው የስቴም፣ ማለትም የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ፣ ማዕከላት ሥራ ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚገኝ፣ በቅርብዎ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቅዳሜና በክረምት የሚከፍተው ላቦራቶሪ እንዳለ ሄደው ይጠይቁ። መሣሪያው በእርግጥ አዲስ ነገር አለው ብላ የምታምን ከሆነም በሚቀጥለው ዐውደ ርዕይ ከማሳየቷ በፊት በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለፈጠራና ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠውን ጥበቃ ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቱ ሳይንስ ፌር አሸንፎ ወደ አካባቢው ውድድር ቢያልፍም ምንም ሳያገኝ ተመለሰ። ያሸነፉት ልጆች ሥራቸውን በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የሠሩ ሲሆን አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው ሳይንቲስቶች ናቸው ብሎ ነገረኝ። እኔ የምሠራው ሌሊት ነው፤ የማውቀው ፕሮፌሰርም የለም። በዚህ ምክንያት ልጄ ወደ ኋላ ይቀር ይሆን?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጅዎ ያስተዋለው ልዩነት እውነት ነው፤ የለም ብለን አናጽናናዎትም። ቢሆንም በሩ የሚከፈተው በዝምድና ብቻ አይደለም።

ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ በቨርጂኒያ ፌርፋክስ የሚማረው፣ በአዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሔማን በቀለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የቆዳ ካንሰርን ለማከም ያለመ ሳሙና አስቦ ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ በሚያዘጋጀው የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ በመውጣት 25,000 ዶላር ተሸልሟል፤ በ2024 ደግሞ ታይም መጽሔት የዓመቱ ታዳጊ ብሎ መርጦታል። ሐሳቡን ያነሣሣው በልጅነቱ በኢትዮጵያ በጠራራ ፀሐይ ሲሠሩ ያያቸው የጉልበት ሠራተኞች ትዝታ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነገር ነው። በዚህ ውድድር የመጨረሻ ተፎካካሪ የሚሆኑት ተማሪዎች ለአንድ ክረምት ከኩባንያው ሳይንቲስት ጋር ይመደባሉ፤ አማካሪ የሚያቀርበው ውድድሩ ራሱ ነው። ሔማን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሥራውን የቀጠለውም ከዚያ በኋላ ነው። ሳሙናው ለሕሙማን ከመድረሱ በፊት ረጅም የምርመራና የፈቃድ ሂደት ይቀረዋል፤ ሽልማቱ የተሰጠው ለሐሳቡና ለጅምሩ ነው።

ላቦራቶሪ የማይፈልግ ጥሩ ሥራም አለ። በጆሃንስበርግ ትኖር የነበረችው ኪያራ ኒርጊን እ.ኤ.አ. በ2016፣ ደቡብ አፍሪካ በድርቅ በተመታችበት ወቅት፣ ከብርቱካንና ከአቮካዶ ልጣጭ ውኃ መጥጦ ለአፈር የሚያቆይ ንጥረ ነገር ሠርታ የጉግልን የሳይንስ ውድድር በ16 ዓመቷ አሸንፋለች። ከዚያ በኋላ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሙያ ላይ ትገኛለች። መነሻዋ የጭማቂ ፋብሪካ የሚጥለው ልጣጭ ነበር።

ለፕሮፌሰር መጻፍን በተመለከተ፣ ልጅዎ እርዱኝ የሚል አጠቃላይ ደብዳቤ ለብዙ ሰው ከመበተን ይልቅ አንድ ተመራማሪ ያሳተመውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቦ ያልገባውን አንድ ነጥብ ይጠይቅ፤ የራሱን ሥራ በሦስት ዐረፍተ ነገር ይግለጽ፤ የሚፈልገውንም ለይቶ ይናገር፤ ለምሳሌ ውጤቱን አይተው አስተያየት እንዲሰጡት ብቻ። ብዙዎቹ አይመልሱም። የሚመልሰው አንዱ ግን ለዓመታት አማካሪው ሊሆን ይችላል። እንዲሁም በሰዎች ወይም በእንስሳት ላይ የሚደረግ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ የጸደቀ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ከወዲሁ ይወቅ፤ ታናሽ ወንድሙን መጠይቅ ማስሞላት እንኳ በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ቅጹን ዘግይቶ የሞላ ተማሪ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር ከውድድር ሊሰረዝ ይችላል።

እርስዎም የሚያደርጉት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በዕረፍት ቀንዎ አጠገብዎ ይቀመጥና የሠራውን ሁሉ በአማርኛ ያስረዳዎት፤ ያልገባዎትን ሁሉ ሳያፍሩ ይጠይቁት። የሳይንስ ቃላት ሳይደረድር ለእናቱ ማስረዳት የቻለ ልጅ ዳኛ ፊት ሲቆም አይደናገጥም፤ ማስረዳት ያቃተው ቦታ ደግሞ ገና ያልገባው ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ሥራ አላገኘሁም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጄኔሬተር በሚል ሥራ በክልል ደረጃ አንደኛ ወጥቼ በቴሌቪዥን ቀርቤ ነበር። ሞተሩ ዳይናሞውን ያሽከረክራል፣ ዳይናሞው ባትሪውን ይሞላል፣ ባትሪው ደግሞ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስማር ግን ሊሠራ የማይችል ነገር መሆኑን ተረዳሁ። አሁን ይህን ሽልማት በሥራ ማመልከቻዬ ላይ ብጽፈው አፍራለሁ፣ ብተወው ደግሞ ሌላ የማሳየው ነገር የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
መሐንዲስ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድማችን፣ እንዲህ ያለው ጄኔሬተር በየዐውደ ርዕዩ ደጋግሞ ይቀርባል፤ ዳኞችም ማረም ሲገባቸው ይሸልሙታል። ጥፋቱ በአብዛኛው የዳኞቹ ነው ብለን እናምናለን፤ አንድ ዳኛ ባትሪው ለስንት ሰዓት እንደቆየ ቢጠይቅ ኖሮ ትምህርቱን ከዓመታት በፊት ባገኙት ነበር።

በማፈር ፈንታ ከሣራ ፍላነሪ ሊማሩ ይችላሉ። ይህች የአየርላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 በ16 ዓመቷ፣ ከላይ በጠቀስነው የአየርላንድ ዐውደ ርዕይ፣ በዘመኑ በስፋት ከሚሠራበት አር.ኤስ.ኤ. በብዙ እጥፍ የሚፈጥን የምሥጢር መጻፊያ ዘዴ አቅርባ አንደኛ ወጣች፤ ዜናውም ዓለምን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ዘዴው ሊሰበር የሚችልበት ቀዳዳ ተገኘ። ፍላነሪ ይህን አልደበቀችም፤ ዘዴው እንዴት እንደሚሰበር ከሥራዋ ጋር አያይዛ ለአንባቢ አቀረበች። በኋላም በካምብሪጅ ኮምፒውተር ሳይንስ አጥንታ በሶፍትዌር ኩባንያዎች ውስጥ ሠራች። ቀዳዳው ሙያዋን አላሰናከለውም።

እርስዎም ያንኑ ያድርጉ። ጄኔሬተሩን እንደገና ይሥሩት፤ አሁን ግን ኃይሉ የት የት እንደሚጠፋ ይለኩ። ከባትሪው የወጣው 100 ዋት ቢሆን፣ ሞተሩ በ80 በመቶ ብቃት ቢሠራ ለዳይናሞው የሚደርሰው 80 ዋት ነው፤ ዳይናሞውም በ80 በመቶ ብቃት ቢሠራ ለባትሪው የሚመለሰው 64 ዋት ብቻ ይሆናል። ቀሪው በሽቦው ሙቀት፣ በብረቱ ውስጥ በሚፈጠር ብክነትና በኩሽኔታው ሰበቃ ይጠፋል። እያንዳንዱን በሜትር ለክተው፣ ዘዴውንና ስህተቱን ገልጸው በሁለት ገጽ ቢጽፉት፣ በእጅዎ የሚኖረው የኃይል ብክነትን የመለካት ሥራ ነው። ፋብሪካዎች፣ የውኃ ፓምፕ ጣቢያዎችና የሶላር ተከላ ድርጅቶች ዘወትር የሚፈልጉትም ይህንኑ ችሎታ ነው። በማመልከቻዎ ላይ ሽልማቱን በአንድ መስመር፣ ይህን ጥናት ደግሞ ከሥሩ ይጻፉት፤ ቀጣሪው ስለ ሽልማቱ ሲጠይቅዎት ስለ ጥናቱ ይንገሩት።

ከዚህ ጎን ለጎን እጅዎ ሥራ አይፍታ። በሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ የጀመረችው ገና በልጅነቷ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ለደንበኞች ቪዲዮ በማቀናበርና ስልክ ላይ ሶፍትዌር በመጫን ነው፤ በኋላም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ በሆነው በአይኮግ ላብስ ልጆችን ኮድ የሚያስተምር ፕሮግራም መርታለች። እርስዎም በአካባቢዎ ካለ የሞተር ጥቅለላ ወይም የሶላር ጥገና ቤት ገብተው ለጥቂት ወራት ቢሠሩ ለዲግሪዎ ዝቅታ አይሆንም። ለተበላሸው ዕቃ ሁሉ ምን እንደተበላሸ፣ እንዴት እንዳወቁትና ምን እንዳደረጉ በደብተር ይመዝግቡ። ፕሮግራሚንግ የሚጎድልዎት ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ ይመዝገቡበት፤ ሲጨርሱ ግን ከሠርተፊኬቱ ጋር በተማሩት የሠሩትን አንድ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የጄኔሬተርዎን ልኬቶች ተቀብሎ ብክነቱን የሚያሰላ፣ ጊትሀብ በተባለው የፕሮግራሞች ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጡ። ለቀጣሪም ሲጽፉ የሚልኩት የዚያን አድራሻና የሁለት ገጹን ጥናት ነው። ጥናቱን ጽፈው ሲጨርሱ ለዚህ ዓምድ ቢልኩልን አንብበን አስተያየታችንን እንሰጥዎታለን።